ሞተሩ ሊን ነው ወይስ ሪች? የነዳጅና የአየር ድብልቅ ችግር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቼክ ኢንጅን በራ፣ ስካነር ተሰካ፣ «ሲስተም ቱ ሊን» ምናምን ሚል ኮድ ወጣ፣ ከዛ ቀጥታ ኦክስጅን ሴንሰር (ጭስ ማውጫው ላይ ሆኖ የተረፈውን ኦክስጅን ሚለካው) ተገዝቶ ይገጠማል፣ ትንሽ ቆይቶ መብራቱ ተመልሶ ይበራል። ይሄ ነገር በጣም የተለመደ ስለሆነ ሰው ደጋግሞ ሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስቤ ልመልስ ብዬ ነው። አብዛኛው ስለ ቤንዚን ሞተር ነው፣ ናፍጣን መጨረሻ አካባቢ በአጭሩ ነክቼዋለሁ።

ሊን እና ሪች ሲባል ምን ማለት ነው?

ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል በክብደት ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር ይፈልጋል። አየሩ ከዚህ ከበዛ ወይም ነዳጁ ካነሰ ሊን፣ ነዳጁ ከበዛ ሪች ይባላል። ይሄንኑ ነገር በላምዳ ሚገልጹም አሉ፣ 1 ማለት ልክ ነው፣ ከ1 በላይ ሊን፣ ከ1 በታች ሪች። ቤንዚኑ ላይ 10% ኢታኖል ከተቀላቀለ 14.7 የነበረው ወደ 14.1 አካባቢ ይወርዳል፣ ላምዳ ግን ያው 1 ነው፣ ለዛ ነው በላምዳ ማሰቡ ሚቀለው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ሞተሩ ሁልጊዜ 14.7 ላይ አይሰራም። ጠዋት ቀዝቅዞ ሲነሳና ነዳጅ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ኮምፒውተሩ ራሱ ሆን ብሎ ነዳጅ ይጨምራል፣ ሙሉ ሲረገጥ እስከ 12.5 አካባቢ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ጠዋት ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትንሽ የቤንዚን ሽታ ብትሰሙ ብልሽት ነው ብላችሁ አትደንግጡ።

ስካነር ባይኖረኝ በምልክት ብቻ መለየት እችላለሁ?

በግምት ደረጃ አዎ። ሊን የሆነ ሞተር ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሰራ) ይንቀጠቀጣል፣ ስትረግጡት መጀመሪያ ወደኋላ ያለ ይመስልና ከዛ ይነሳል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጥረዋል፣ አንዳንዴ በአየር ማስገቢያው በኩል ያስነጥሳል፣ ሲጫን ደሞ ማንኳኳት ሊያመጣ ይችላል። ሪች የሆነው ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ለመነሳት ያስቸግራል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፣ ሞተሩ ሞቆም ማይጠፋ ወፍራም ነጭ ጭስ አብዛኛውን ጊዜ የራዲያተር ውሃ ነው፣ እነሱ ከድብልቅ ጋር አይገናኙም።

ግን ምልክት ሲያሳስት አይጣል ነው። አንዱ ሲሊንደር እሳት ካጣ ያልተቃጠለ ቤንዚን በጭስ ማውጫው ይወጣል፣ ሰውም አሽትቶ «ሪች ነው» ይላል፣ ኦክስጅን ሴንሰሩ ግን ከዛው ሲሊንደር ያልተቃጠለ ኦክስጅንም አብሮ ስለሚደርሰው ሊን ነው ብሎ ለኮምፒውተሩ ይነግራል፣ ኮምፒውተሩም ይብስ ነዳጅ ይጨምራል። ለዚህ ነው የሚስፋየር (ሲሊንደር እሳት የማጣት) ኮድ (ፒ0300 እና ከዛ ቀጥለው ያሉት) ከሊን ኮድ ጋር አብሮ ከወጣ መጀመሪያ ካንዴላና ኮይል ማየት ያለባችሁ። ሊኑ ከዛ በኋላ ራሱ ሊጠፋ ይችላል።

ካንዴላ አውጥቶ ቀለሙን ማየት ይሰራል?

ይሰራል ግን ድሮ የነበረውን ያህል አይደለም። ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ጤነኛ ነው፣ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ካለበት ሪች፣ ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ከመሰለ ሊን ወይም ከመጠን በላይ የሞቀ፣ ጥቁርና ዘይት ዘይት ካለው ዘይት እያቃጠለ ነው። እኔ ከቀለሙ ይልቅ ሚጠቅመኝ ማወዳደሩ ነው፣ አራቱም አንድ አይነት ከጠቆሩ ችግሩ ሁሉንም ሚነካ ነገር ነው፣ ሶስቱ ደህና ሆነው አንዱ ብቻ ከጠቆረ የዛን ሲሊንደር ኢንጀክተር ወይም ኮይል ጠርጥሩ።

ፒ0171 («ሲስተም ቱ ሊን» ሚለው ኮድ) ወጣብኝ፣ ኦክስጅን ሴንሰሩን ልቀይረው?

አይ፣ ቆይ። ይሄ ኮድ ሚለው «ነዳጅ እየጨመርኩ እየጨመርኩ ነው፣ ማስተካከል ከምችለው በላይ ሆነብኝ» ነው። ሴንሰሩ ተበላሸ አላለም፣ እንደውም ሴንሰሩ ስራውን እየሰራ ስለሆነ ነው ብዙ ጊዜ ኮዱ ሚወጣው። መልክተኛውን ቀይራችሁ መልክቱ አይቀየርም። ለሴንሰሩ ለራሱ የተለዩ ኮዶች አሉት፣ ለምሳሌ ፒ0130 እና ከዛ ቀጥለው ያሉት፣ ሂተሩ ከተቃጠለ ደሞ ፒ0135።

ፒ0171 ባንክ 1 ሊን፣ ፒ0174 ባንክ 2 ሊን፣ ፒ0172 ባንክ 1 ሪች፣ ፒ0175 ባንክ 2 ሪች። ባንክ 1 ማለት ቁጥር 1 ሲሊንደር ያለበት ጎን ነው፣ አራት ሲሊንደር በአንድ መስመር ያለው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ባንክ 1 ብቻ ነው ያለው። ቪ6 ወይም ቪ8 ሞተር ላይ ግን ይሄ ትልቅ ፍንጭ ነው፣ ሁለቱም ጎን አንድ ላይ ሊን ካሉ የጋራ የሆነ ነገር ነው (ቤንዚን ፓምፕ፣ ፊልትሮ፣ ወይም ወደ ሞተሩ ሚገባውን አየር ሚለካው ማፍ ሴንሰር)፣ አንዱ ጎን ብቻ ከሆነ ግን ፓምፕ ከመቀየራችሁ በፊት የዛን ጎን የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን፣ ኢንጀክተርና የጭስ ማውጫ ስንጥቅ እዩ።

ፊውል ትሪም ሚባለው ምንድነው? እንዴት ነው ሚነበበው?

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ምታነቡ ከሆነ ይሄን አንብቡ።

ኮምፒውተሩ ስንት ነዳጅ መርጨት እንዳለበት ከሚያውቀው ሂሳብ ይነሳል፣ ከዛ ኦክስጅን ሴንሰሩ ሚለውን አይቶ ይጨምራል ይቀንሳል። የጨመረው ወይም የቀነሰው በፐርሰንት ስካነሩ ላይ ይታያል። ሾርት ተርም ሚባለው በየሴኮንዱ ላይ ታች ሚለው ነው፣ ሎንግ ተርም ደሞ ኮምፒውተሩ ለምዶት ያስቀመጠው ነው። ፕላስ ከሆነ ነዳጅ እየጨመረ ነው ማለትም ሞተሩ ሊን ሆኖበታል፣ ማይነስ ከሆነ እየቀነሰ ነው ማለትም ሪች ሆኖበታል። ሁለቱን ደምራችሁ ነው ማየት ያለባችሁ፣ ሾርት ተርሙ ዜሮ አካባቢ ሆኖ ሎንግ ተርሙ +22 ከሆነ «ዜሮ ነው ደህና ነው» እንዳትሉ፣ ድምሩ +22 ነው። በግምት ከ-10 እስከ +10 ያለው ያን ያህል አያሳስብም፣ ወደ 25 ሲጠጋ ብዙ መኪና ላይ ኮድ ይወጣል።

ዋናው ነገር ግን ቁጥሩን አንድ ቦታ ላይ አይቶ መዝጋት አይደለም፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሶስት ቦታ ላይ ማየት ነው፣ አንደኛ ሚኒሞ ላይ፣ ሁለተኛ ቆማችሁ 2500 አርፒኤም ላይ ለትንሽ ጊዜ ይዛችሁ፣ ሶስተኛ ጭነት ላይ ማለትም እየነዳችሁ ዳገት ወይም ጠንከር ብሎ ሲረገጥ (ስካነሩን ሌላ ሰው ይያዝላችሁ፣ እየነዱ ስክሪን ማየት አይሆንም)። ከዛ ቁጥሩ እንዴት እንደሚሄድ ይነግራችኋል፤

ሚኒሞ ላይ ከፍ ያለ ፕላስ ሆኖ 2500 ላይ ወደ ዜሮ ሚጠጋ ከሆነ አየር ሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ለምን መሰላችሁ፣ ሚኒሞ ላይ ወደ ሞተሩ ሚገባው አየር ትንሽ ስለሆነ በቀዳዳው ሚሰረቀው ትልቅ ድርሻ ይይዛል፣ ሲረገጥ ግን ብዙ አየር በዋናው በር ስለሚገባ የቀዳዳው ድርሻ ከቁጥር አይገባም።

ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ጭነት ላይ ፕላሱ እየጨመረ ሚሄድ ከሆነ ደሞ ነዳጁ አልደረሰም ወይም ማፍ ሴንሰሩ አየሩን አሳንሶ እየቆጠረ ነው።

የትም ቦታ ላይ እኩል ከፍ ያለ ከሆነ የነዳጅ ግፊት በአጠቃላይ ማነስ ወይም ማፍ ሊሆን ይችላል።

በጣም ርካሹ የብሉቱዝ ስካነር እንኳን ከስልክ አፕ ጋር እነዚህን ቁጥሮች ያሳያል፣ ስለዚህ ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት ሶስቱን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ብትሄዱ ከመካኒኩ ጋር ወሬያችሁ ራሱ ይቀየራል።

የአየር ቀዳዳውን እንዴት ነው ማገኘው?

መጀመሪያ በአይንና በጆሮ። ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ ሚሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ አለ አይደል፣ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ፣ እሱ ከላይ ሲያዩት አዲስ ሊመስል ይችላል፣ ከስር በኩል እጥፋቱ ውስጥ ግን ተሰንጥቆ ይገኛል። በእጃችሁ ለጠጥ አድርጋችሁ እያንዳንዱን እጥፋት ከፍታችሁ እዩት፣ ምክንያቱም ስንጥቁ ቆሞ ዝግ ሆኖ ማርሽ ሲገባና ሞተሩ ዘንበል ሲል ብቻ ሚከፈት አለ፣ እንደዚህ አይነቱ ሰው ያሳብዳል። ከዛ ቀጫጭኖቹን የቫኪዩም ቱቦዎች፣ ፒሲቪ ቫልቩንና (የሞተሩን የውስጥ ትነት ወደ አየር ማስገቢያው ሚመልሰው ነው) ቱቦውን፣ ወደ ፍሬን ሰርቮ ሚሄደውን ወፍራም ቱቦ፣ የዘይት መሙያ ክዳንና የዘይት መለኪያ ዘንጉ በደንብ መግባቱን ተመልከቱ። የፍሬን ሰርቮው ራሱ ከተቀደደ ፍሬን ስትረግጡ ሚኒሞው ይቀየራል፣ ፊሽ ሚል ድምፅም ይኖረዋል፣ እሱን ደሞ ለደህንነትም ስለሆነ አታሳድሩት።

በጣም ቀላሉ ሙከራ ስካነሩ ላይ ሾርት ተርሙን ከፍቶ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በፕላይስ በስሱ (ጨርቅ አድርጋችሁ) መጭመቅ ነው። የተቀደደው ጋ ስትደርሱ +18 የነበረው ቁጥር 12፣ 7፣ 3 እያለ ሲወርድ ታዩታላችሁ፣ በቃ እሱ ነው።

ካርቡራተር ክሊነር እየነፉ ሚኒሞው ሲቀየር መስማት ሚባለው ዘዴ ይሰራል፣ ግን ተቀጣጣይ ነገር በጋለ ጭስ ማውጫ ላይ መንፋት ስለሆነ እሳት ይነሳል፣ በዚህ መንገድ መኪና የተቃጠለበት አለ። ምታደርጉት ከሆነ ትንሽ ትንሽ፣ ከጭስ ማውጫው ርቃችሁ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ አድርጋችሁ። ከሁሉም ሚሻለው የጭስ ማሽን ነው፣ ሞተሩ ጠፍቶ በአየር ማስገቢያው ጭስ ይገፋበታል፣ ቀዳዳው ያለበት ጋ ጭሱ ብን ይላል። ጋራዡ ማሽኑ ካለው ለዚህ መክፈል ከሶስት ያልተበላሸ እቃ መቀየር ይረክሳል።

ማስታወሻ፦ ማፍ ሳይሆን ማፕ ሴንሰር ብቻ ያላቸው መኪኖች ላይ ቀዳዳው እንደዚህ ጎልቶ በትሪም ላይታይ ይችላል፣ ምክንያቱም ማፕ ማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን ግፊት ስለሚለካ በቀዳዳው የገባውንም አየር ይቆጥረዋል። እነሱ ላይ ብዙ ጊዜ ምልክቱ የሚኒሞ መጨመር ነው።

ፍጥነት ላይ ብቻ ነው ሊን ሚሆነው፣ ፓምፕ ነው ማፍ?

የነዳጅ ግፊት በጌጅ ይለካ፣ ሌላ መላ የለውም። በማኒፎልድ በኩል ሚረጩ (ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ያልሆኑ) ሞተሮች ላይ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 60 ፒኤስአይ ነው፣ ትክክለኛውን ከመኪናው ማንዋል እዩ። ሚኒሞ ላይ ደህና መሆኑ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ሲጫን እንዳይወርድ ነው ሚፈለገው፣ የተዘጋ ፊልትሮና የደከመ ፓምፕ ሚታወቁት ብዙ ነዳጅ ሲጠየቁ ነው። መስመሩ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ግፊት ስለሚይዝ ሳታስተነፍሱ እንዳትፈቱት።

ማፉን ለመጠርጠር ደሞ ስካነሩ ላይ ግራም በሴኮንድ ሚለውን እዩ። ሞቆ ሚኒሞ ላይ በግምት ከሞተሩ ሊትር ጋር ይቀራረባል፣ 2 ሊትር ሞተር 2 አካባቢ፣ ህግ አይደለም ግን ለመነሻ ይሆናል። ከዛ በጣም ካነሰ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ወይም ከአየር ፊልትሮ የመጣ ዘይት ተለጥፎበት ይሆናል። ለማፍ ተብሎ በተሰራ ማጽጃ ብቻ ንፉት፣ ሽቦውን በጥጥም በጣትም አትንኩት፣ በደንብ ይድረቅና ግጠሙት።

ሪች ከሆነስ?

ሪች ላይ ሰው ቶሎ ኢንጀክተር ይላል፣ እኔ ግን ከቀላሉ ጀምሩ ነው ምለው። ስካነሩ ላይ የውሃ ሙቀቱን እዩ፣ መኪናው ግማሽ ሰአት ተነድቶ አሁንም 40 ዲግሪ ሚል ከሆነ ወይ የሙቀት ሴንሰሩ ይዋሻል ወይ ቴርሞስታቱ ክፍት ሆኖ ቀርቷል፣ ኮምፒውተሩም ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። ጠዋት ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ የውሃውንና የአየሩን ሙቀት ብታወዳድሩ ሁለቱ መቀራረብ አለባቸው፣ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ቆሟል።

ቀጥሎ የነዳጅ ሬጉሌተር። አንዳንዱ መኪና ላይ ሬጉሌተሩ ሞተሩ ላይ ሆኖ በቀጭን የቫኪዩም ቱቦ ከማኒፎልዱ ጋር ይገናኛል፣ ያቺን ቱቦ ንቀሏት፣ ውስጧ ቤንዚን ካለ ሬጉሌተሩ ተቀዷል፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ነዳጅ በሞሉ ቁጥር ወዲያው ለመነሳት ሚያስቸግር ወይም ሚንቀጠቀጥ መኪና ካላችሁ ፐርጅ ቫልቩን አስፈትሹ፣ ክፍት ሆኖ ቀርቶ ከታንከሩ ሚመጣውን የቤንዚን ትነት ሞተሩ ውስጥ እየለቀቀው ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ነዳጁ መጥፎ ነው ብሎ ማደያ ይቀያይራል።

የዘይት መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱት። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና ዘይቱ ከመስመሩ በላይ ጨምሮ ከሆነ ኢንጀክተር እያፈሰሰ ነዳጁ ወደ ዘይቱ ወርዷል፣ ያ ትነት ደሞ በፒሲቪ ተመልሶ ይቃጠልና ሪቹን ያባብሰዋል። ይሄ ሲሆን ኢንጀክተሩን ቀይሮ ዘይቱን አለመቀየር ስራውን ግማሽ መተው ነው።

እንዲህ ካልሆነ ነው የአየር ፊልትሮ፣ ማፍ ወይም ማፕ፣ ኢንጀክተሮቹን አንድ በአንድ ወደ ማየት ሚኬደው።

ኦክስጅን ሴንሰሩ ራሱ መሞቱን በምን አውቃለሁ?

ድብልቁን ሆን ብሎ ለአፍታ ቀይሮ ምላሹን ማየት ነው። የተለመደው (ናሮውባንድ) ሴንሰር ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት መካከል ይወዛወዛል፣ ከ0.45 በታች ሊን በላይ ሪች ነው። ሞተሩ ሞቆ አንድ ቫኪዩም ቱቦ ለአፍታ ንቀሉ፣ ወደ 0.1 ወይም 0.2 መውረድ አለበት። ነዳጅ ድንገት ስትረግጡ ደሞ ወደ 0.8 እና በላይ ቶሎ መዝለል አለበት። ሁለቱንም ቶሎ ካደረገ ጤነኛ ነው፣ አትንኩት። እየተጎተተ ከሄደ ወይም አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ያን ጊዜ ቀይሩት። ከካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የጭስ ማጣሪያ) በኋላ ያለው ሁለተኛው ሴንሰር ግን ሳይወዛወዝ ረጋ ብሎ መቆሙ ነው ጤናው፣ እሱን ከፊተኛው ጋር እንዳታምታቱ። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ከፊት ያለው ዋይድባንድ ሊሆን ይችላል፣ እሱ በዚህ ቮልት አይነበብም፣ ስካነሩ ላይ ላምዳውን ነው ምታዩት።

ሌላው፣ ከሴንሰሩ በፊት ጭስ ማውጫው ላይ ስንጥቅ ካለ ከውጭ አየር ይስብና ሊን ያልሆነውን ሊን ያስመስላል። ቀዝቅዞ ሲነሳ ትክ ትክ ሚል ድምፅ ካለ እሱን ጠርጥሩ።

ምንም ኮድ የለም ግን ነዳጅ ይበላል፣ ድብልቁ ነው?

ትሪሙ ከ10 በታች ከሆነ አይመስለኝም። የጎማ ንፋስ፣ ማይለቅ ፍሬን፣ ክፍት የቀረ ቴርሞስታት፣ የመንገድ መጨናነቅ፣ እግራችሁም ጭምር።

ካርቡራተር ላለው መኪናስ?

እሱ ኮምፒውተር ስለሌለው በጆሮና በቫኪዩም ጌጅ ነው። መጀመሪያ ሞተሩ ሲሞቅ ቾኩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን እዩ፣ ግማሽ ላይ የቀረ ቾክ ሁልጊዜ ሪች ያደርገዋል። ከዛ የቤንዚኑ ከፍታ፣ ተንሳፋፊው ከከበደ ወይም መርፌው ካልዘጋ ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈሳል። እነዚህ ደህና ከሆኑ በኋላ ነው የሚኒሞ ድብልቅ ቪቷ ምትነካው፣ ሞተሩ ሞቆ ቀስ እያላችሁ ዞር ዞር አድርጋችሁ ጌጁ ከፍ ሚልበትና ሞተሩ ረጋ ሚልበት ቦታ ላይ ተዉት። ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ጌጁ ከ17 እስከ 21 ኢንች (የሜርኩሪ) ያሳያል፣ ከፍታ ቦታ ላይ ያነሰ ነው። ቪቷን እስከ መጨረሻ አጥብቃችሁ እንዳትዘጉ፣ ጫፏ ይጎዳል።

ናፍጣ ሞተር ላይ ይሄ ይሰራል?

ብዙው አይሰራም። ናፍጣ ሲሰራ ሁልጊዜም ትርፍ አየር ይዞ ነው፣ 14.7 ምናምን ሚል ነገር አያሳድደውም። ጥቁር ጭስ ካለ ግን አየሩ አንሷል ወይም ነዳጁ በዝቷል፣ የአየር ፊልትሮ፣ የተርቦ ቱቦዎች፣ ኢጂአር (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ ሚመልሰው ቫልቭ) እና ኢንጀክተር ነው ሚታየው።

ዝም ብዬ ብነዳውስ?

ትንሽ ሊን ለትንሽ ጊዜ አይገድልም፣ ግን ጭነት ላይ ሊን ሆኖ ማንኳኳት ከጀመረ ፒስተንና ቫልቭ ይጎዳል። ሪች ደሞ ቀስ ብሎ ነው ሚጎዳው፣ ቤንዚኑ የሲሊንደሩን ግድግዳ ከዘይት ያጥበዋል፣ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ያግለዋል፣ እሱ ደሞ ውድ እቃ ነው። ቼክ ኢንጅኑ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ግን ካታሊቲኩን ሊያቃጥል ሚችል ሚስፋየር አለ ማለት ስለሆነ እግራችሁን ቀንሱና አቁሙት። ደሞ ሪች የሆነ መኪና ዝግ ጋራዥ ውስጥ አታስነሱ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይበዛል፣ ሽታ የለውም።

ጠገንኩት፣ መዳኑን በምን አረጋግጣለሁ?

ኮዱን ማጥፋት ማረጋገጫ አይደለም። ስታጠፉት ብዙ መኪና ላይ የሎንግ ተርም ትሪሙም ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ስለዚህ ወዲያው ብታዩት ሁሉም ነገር ያማረ ይመስላል። ሚኒሞም፣ ከተማም፣ ፍጥነትም ያለበት ጥሩ ጉዞ ንዱና ሶስቱን ቁጥር እንደገና በዛው ቦታ ላይ አንብቡ፣ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ። ሚኒሞ ላይ +20 የነበረው አሁን +3 ከሆነ አግኝታችሁታል፣ +20 የነበረው +14 ከሆነ ደሞ አንድ ቀዳዳ ደፍናችሁ ሌላ ቀርቷችኋል።